ለእናት «ኡፕስ» አይባልም

ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ፣ እዚህ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ መንገድ ልሻገር ቆሜ ሳለ፣ ጋሽ ደመቀ የመኪናቸውን መስኮት አውርደው «ዋሳፕ ቲቸር!» ብለው ጮኹልኝ። ጋሽ ደመቀ ዌስትውድ፣ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ የሰው መኪና ፓርክ የሚያደርጉ፣ ስድሳን የተሻገሩ፣ ጢማቸው የሸበተ የተከበሩ ሰው ናቸው። ተማሪዬ ነበሩ።

«ከየት አመጡት?» አልኳቸው።

«ከልጆቹ ነዋ! ቁልፍ ሲሰጡኝ እንዲህ ነው የሚሉኝ።»

«ለአባታቸውስ እንዲህ ይላሉ?»

«አባትየው ሲመጣማ ሰር ነው።» ከኋላቸው የነበረው መኪና ጡሩምባውን ነፋባቸው። «ኦኬ፣ ኦኬ! ጉድ ሞርኒንግ ማም!» ብለው ሄዱ።

ሥራዬ ይህ ነበር። ፌርፋክስ ላይ ከአንድ የባልትና ሱቅ በላይ ባለች ክፍል፣ አዲስ ለመጡ ያገሬ ሰዎች መጽሐፍ ውስጥ የማይገኘውን እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ዲቪ የደረሳቸው፣ ልጆቻቸው ያስመጧቸው፣ ሆቴል የሚያጸዱ፣ ታክሲ የሚነዱ፣ አረጋውያን የሚንከባከቡ ነበሩ ተማሪዎቼ። ሰዋስዉን ሌላ መምህር ያስተምራቸዋል። እኔ የያዝኩት ሳይታሰብ ከአፍ የሚወጣውን ነው፤ ሰው ሲደነግጥ፣ ሲገረም፣ ሲናደድ፣ ሲያቆላምጥ የሚለውን። ደመወዙ የሚወራለት አልነበረም፤ የሚሞላው ወረቀት ግን ከተማሪዎቹ ይበዛ ነበር። ሥራውን እወደው ነበር፤ አውቀውም ነበር። ይህን ስናገር አላፍርም።

ከታች በርበሬ በተነፋ ቁጥር ሽታው በደረጃው ይወጣና ክፍሉን በሙሉ ያስነጥሳል። የመጀመሪያው ትምህርቴ ሁልጊዜ ከዚያ ይነሣ ነበር። አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው «ይማርህ» ይላል።

«የሚምረው ማን ነው?» እላለሁ።

«እግዜር ነዋ፣ ቲቸር!»

«ፈረንጆቹስ ብለስ ዩ ሲሉ የሚባርከው ማን ነው?»

ያኔ ጉድ ባይ የምንለው ራሱ ድሮ «እግዚአብሔር ካንተ ጋር ይሁን» የሚል ሙሉ ምርቃት እንደነበረ፣ በብዙ አፍ ሲመላለስ እየሳሳ እንደ አሮጌ ሳንቲም ጽሑፉ እንደጠፋ እነግራቸዋለሁ። ኦኬ ቦስተን ውስጥ ጋዜጠኞች ሆን ብለው ፊደል እያበላሹ ሲቀልዱ የተወለደ ቃል መሆኑን ስነግራቸው ማንም አያምነኝም። «ሶ ዓለም በሙሉ የሚናገረው ቀልድ ነው?» ብለው ይስቁብኛል።

እኔ ራሴ ቋንቋውን የለቀምኩት ከበር ሥር ነው። ሆሊውድ ውስጥ ለዓመታት የሆቴል ክፍል አጸዳሁ። የፎቃችን አለቃ የነበረችው ሴት በሌላው ቀን ሁሉ በስማችን ትጠራናለች፤ «ሃኒ» ያለችን ዕለት ግን የሥራ ሰዓት ልትቀንስብን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ቤት ገብቼ መዝገበ ቃላት ብገልጥ «ማር» ይላል። ብቻዬን ሳቅሁ። መዝገበ ቃላቱ አልዋሸም፤ ግን ያቺን ሴት አያውቃትም።

ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከሰባተኛ ክፍል ነው። እንደገና ደብተር የያዝኩት አርባ ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ፣ የአዋቂዎች ትምህርት ቤት ገብቼ ነው። ኋላ ኮሌጁንም ዩኒቨርሲቲውንም በልጄ ዕድሜ ካሉ ልጆች መሐል ቁጭ ብዬ ጨረስኩ። ቋንቋን እንዴት እንደሚሰሙት ያስተማሩኝ ግን የአዋቂዎቹ ትምህርት ቤት መምህሬ፣ ሚስ ኦፓል ናቸው።

ሚስ ኦፓል ከሉዊዚያና በልጅነታቸው ከወላጆቻቸው ጋር የመጡ ጥቁር አሜሪካዊ ነበሩ። የሸሚዛቸው የአንገት ቁልፍ በበጋ እንኳ አይፈታም። ተማሪ ሲናገር ዐይናቸውን ይጨፍናሉ፤ መጀመሪያ እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሎኝ ነበር። «መጥፎ ቃል» ሲሉ አንድ ቀን አልሰማሁም። ተማሪ አዲስ ቃል ይዞ ሲመጣ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፤ «ከየት አመጣኸው?» የኛም እናቶች ልጃቸው የሰው ዕቃ ይዞ ቤት ሲገባ እንዲህ ነበር የሚሉት። ቀጥሎ ሦስት ነገር ያስከትላሉ። ማን አለው? ለማን አለው? አጠገብ ሆኖ የሰማው ማን ነው?

አንድ ቀን የክፍላችን ልጅ ያማረ ነገር አይቶ «ኩል» አለ። ሚስ ኦፓል ዐይናቸውን ገለጡ።

«ከየት አመጣኸው?»

«ከማስታወቂያ፤ የለስላሳ።»

«የለስላሳ!» ብለው ለረጅም ጊዜ ሳቁ። «አጎቴ የጃዝ ጥሩምባ ይነፋ ነበር። ይህን ቃል እሱና ጓደኞቹ ሲሉት፣ ሊያፈላህ በሚፈልግ ሰው ፊት ሳትፈላ መቆም ማለት ነበር። በነጻ የሰጠናቸውን አሁን በጣሳ ይሸጡልናል። ያዘው ልጄ፤ ግን የማን እንደሆነ እያወቅህ ያዘው።»

በአውቶቡስ ይዘውን ይዞሩም ነበር። አፋችሁን ዝጉ፣ ጆሯችሁን ክፈቱ፤ ትምህርቱ ይኸው ነው። ዛሬ «አንተ ሰው» እንደማለት የሆነውን «ዱድ» የሚለውን ቃል ከኋላ ወንበር የስኬትቦርድ ልጆች በአራት ዓይነት ዜማ ሲሉት ከሰማን በኋላ ታሪኩን ነገሩን። ሲወለድ ኒው ዮርክ ውስጥ ከልክ በላይ በሚሽቀረቀር ወንድ ላይ የሚሳለቁበት ነበር። ላም ጠባቂዎቹ ከከተማ በመጣው እንግዳ ላይ አሾፉበት፤ ቆይቶ የሜክሲኮና የጥቁር ጎረምሶች ወሰዱት፤ ከነሱ ማዕበል ጋላቢዎቹ ተቀበሉ። «ቃል እንደ አውቶቡስ ነው» አሉ፤ «ማን እንደተሳፈረበት ሳታዪ አትግቢ።»

ይህን ሁሉ ይዤ ነው ፌርፋክስ ክፍሌን የከፈትኩት። ክፍሌ ውስጥ ሰላም የነሳኝ አንድ ርዕስ ብቻ ነው፤ የአምላክ ስም ያለበት ቃለ አጋኖ። ተማሪዎቼ ግማሾቹ ጴንጤ ናቸው፤ እኔ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ። ፈረንጆቹ ስሙን በከንቱ ላለመጥራት ፈርተው እንዴት እንደሸፋፈኑት በሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ጋድን «ጋሽ»፣ ጂሰስን «ጂ» እና «ጂዝ»።

«ኦ ማይ ጋሽ» ብዬ ሳነብ ጋሽ ደመቀ «አቤት!» አሉ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

አንዷ ግን አልሳቀችም። እልፍነሽ ትባላለች፤ ፓሳዴና አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የምትሠራ፣ የአርባ አምስት ዓመት ጠንካራ ሴት። «ሶ ጂዝ የሚሉት ጌታዬን ነው?» አለች።

«ጨርቅ የለበሰ ስሙን ነው።»

«እኔ ግልጡን ነው የምጠራው፤ ምን አስሸፈነኝ!»

ከጥቂት ወራት በኋላ ይህችው እልፍነሽ ፊቷ ጠቁሮ ደረጃውን ወጣች። ከሥራ ታግዳለች። ሚስስ ሆልት የሚባሉ፣ በስትሮክ ግማሽ አካላቸው የደከመና ንግግራቸው የጠፋ እናት ትንከባከባለች። ከአልጋ ወደ ወንበር በምታነሣቸው ጊዜ ሁሉ «ጂሰስ!» ትላለች። ልጃቸው ናንሲ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ሰማቻት፤ በእንግሊዝኛ ይህ ሰው ሲማረርም ከአፉ የሚወጣ ነው። «እናቴን ባነሣች ቁጥር በጌታ ስም ትራገማለች፤ ሰልችታታለች» ብላ ሪፖርት አደረገች።

«ስራገም!» አለች እልፍነሽ። «እትዬ አስካለ፣ እኔ ስራገም! ማማን ስይዛቸው እግራቸው ይከዳቸዋል። ታዲያ ማንን ልጥራ?»

ነገሩ ቀላል አልነበረም። ሪፖርቱ እውነት ነው ከተባለ በአረጋዊ ላይ የተፈጸመ የአፍ በደል ሆኖ መዝገቧ ላይ ይሰፍራል፤ ሌላ መጦሪያም አይቀጥራትም። የባሏና የልጇ የመምጫ ወረቀት ደግሞ በዚያ ሥራ ላይ የተንጠለጠለ ነበር።

በአስተርጓሚነት አብሬያት ሄድኩ። ካርላ የምትባለው ማኔጀር የደከማት ግን የማትቸኩል ሴት ነበረች። ናንሲ ከጎኗ ተቀምጣለች፤ የስድሳ ዓመት ሰው፣ አንገቷ ላይ ትንሽ የወርቅ መስቀል አላት። ተዘጋጅቼ ነበር። ለአንድ ሰው እንጀራ ስል ያወቅሁትን ሁሉ ዘረገፍኩት። ስሙ እንዴት ጂ እንደሆነ፣ እንዴት ጂዝ እንደሆነ፣ በአሜሪካ አፍ ሲያልፍ ጸሎትነቱን እንዴት እንደጣለ፣ በኛ አገር አማኝ አፍ ግን ገና ጸሎት እንደሆነ። ንግግሬ ያማረ ነበር። በተናገርኩ መጠን ግን የናንሲ ፊት እየጠነከረ ሄደ።

«እናቴ» አለች ስጨርስ፣ «ልጅ ሆኜ ጂ ስላልኩ አፌን በሳሙና ያጠበች ሴት ናት። ይህ ቃል ከየት እንደመጣ እዚህ ቤት ማንም እንዲያስተምረኝ አልፈልግም።»

ካርላ ልታስታርቅ ሞከረች። «እልፍነሽ፣ ሌላ ቃል ብትይስ? ኡፕስ በይ።»

እዚህ ላይ መጻሕፍቱ ከካርላ ጋር ነበሩ። ኡፕስ የወደቀ ሕፃን ሲያነሡ ከሚባል ማባበያ የመጣ ነው የሚሉ አሉ። እልፍነሽ ግን ጆሮዋን ነው የምታምነው።

«ኡፕስ ማንኪያ ሲወድቅ ነው» አለች በአማርኛ። «ለእናት ኡፕስ አይባልም።»

ተረጎምኩት። ካርላ ልትስቅ ምንም አልቀራትም።

«እሺ፤ ቃሉን ላለመድገም ቃል ትገቢያለሽ?»

«እጄ የፈለጉትን ቃል ይግባ። አፌ ግን ሰው ሊወድቅብኝ ሲል እኔን አስፈቅዶ አይናገርም። ስሙን አልጠራም ብዬ አልፈርምም።»

«እሞክራለሁ» ብዬ ብተረጉመው ኖሮ ሁላችንም በሰላም ወደ ቤታችን እንገባ ነበር። እንዲህ ያለ ደግነት አስተርጓሚን ሁልጊዜ ይፈትነዋል። ያለችውን ቃል በቃል አልኩ። ናንሲ ቦርሳዋን አነሣች። እገዳው ጸና፤ የመጨረሻው ውሳኔ ለሚቀጥለው ሳምንት ተቀጠረ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያን ቀን ብዙ አውቄ ትንሽ የጠቀምኩበት ቀን የለም።

በባቡሩ ስንመለስ እልፍነሽ መስኮት መስኮቱን እያየች፣ «እትዬ፣ ስብከትዎ ከኛ ፓስተር ይረዝማል» አለችኝ።

«ከፋሽ?»

«የለም። እሱም ሲያስረዝም ሰው አይመለስም።» ወደ እኔ ዞራ፣ «እናቴ ‹እኔን!› ነበር የምትለው» አለች። «ማንም ሲደናቀፍ፣ የማታውቀውም ቢሆን፣ ‹እኔን!› ጌታን ካገኘሁ ወዲህ እኔ ስሙን እጠራለሁ። ዝም ብሎማ ሰው ሲወድቅ እንዴት ይታያል?»

ባቡሩ እስኪቆም አሰብኩበት። በኛ ዘንድ ሰው ሲደናቀፍ ዝም ያለ ተመልካች ክፉ ነው። «እኔን»፣ «እኔን ይድፋኝ» ይባላል፤ በአንተ ፈንታ እኔ ልውደቅ ማለት ነው። በእንግሊዝኛው ኡፕስ የሚለው ብዙውን ጊዜ የወደቀው ራሱ ነው፤ ያየው ሰው «ተጠንቀቅ» ይላል። በሰው ፈንታ ለመውደቅ የሚቀርብ ቃል ብዙ ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። እልፍነሽ ያንን ባዶ ቦታ ባላት ነገር ሞልታዋለች።

ማታውኑ ለሚስ ኦፓል ደወልኩ። እሳቸው ያኔ ጡረታ ወጥተው አርጅተዋል፤ ጆሯቸው ግን አላረጀም። ነገሩን ከሥር እስከ ላይ አወራኋቸው።

«ቃሉን ሰማሽው?» አሉ።

«ሪፖርቱ ላይ አነበብኩት።»

«ያነበብሽው ቀለም ነው። ማን አለው?»

«እልፍነሽ።»

«አጠገብ ሆኖ የሰማው?»

«ናንሲ።»

«ለማን ተባለ?»

«ለሚስስ ሆልት» ስል ነገሩ በራልኝ። ስለዚህ ቃል አራት ሴቶች ቢሮ ተቀምጠን ስንከራከር፣ ቃሉ የተባለላቸውን ሴት ማንም አልጠየቃቸውም። ሁላችንም አይናገሩም ብለን አለፍናቸው።

«ንግግሯ ጠፍቷል ነው የምትይኝ?» አሉ ሚስ ኦፓል። «የኔ እህት በዚያው ሕመም ውኃ ስጡኝ ማለት አቅቷት ነበር። ስትናደድ ግን ሰፈሩ እስኪሰማ ትራገም ነበር፤ መዝሙርም አይጠፋትም። እርግማንና ጸሎት ጭንቅላት ውስጥ ቤታቸው ሌላ ነው፤ የሕመሙ እሳት ወደዚያ አይደርስም። ሂጂና ስሚ።»

በማግሥቱ ለካርላ ደወልኩ። ስለ ቃል አመጣጥ አንድም ነገር አልተናገርኩም። «ከመወሰንሽ በፊት እልፍነሽ ሚስስ ሆልትን ስታነሣ አንድ ጊዜ አብረን እንይ፤ ናንሲም ትኑር» አልኩ። ካርላ እሺ አለች።

የሚስስ ሆልት ክፍል መስኮት ወደ ተራራው ነው። እሳቸው ቀጭን ናቸው፤ ፀጉራቸው በጥንቃቄ ተበጥሯል። ናንሲ ግድግዳውን ተደግፋ እጇን አጣጥፋ ቆመች። እልፍነሽ ስትገባ አሮጊቷ ጤነኛ እጃቸውን ዘረጉ። እንደታገደች ማን ይንገራቸው፤ ይህን ሁሉ ቀን የት ጠፋሽ የሚል ዐይን ነበር።

«ሃይ ማማ» አለች እልፍነሽ፤ ከዚያ ከንፈሯን ቆለፈች። ሥራዋን ሳይ፣ መጀመሪያ ማየት የነበረብኝ ይህን ነው አልኩ። የማንሻውን ቀበቶ ወገባቸው ላይ አሰረች፤ ጣቷን አስገብታ እንዳልጠበቀ አረጋገጠች። የደከመውን እግራቸውን በሁለት ጉልበቷ መሐል ያዘች፤ ከጉልበቷ ዝቅ አለች፤ በመመሪያው መሠረት «ዋን፣ ቱ፣ ስሪ» አለች።

ሚስስ ሆልት አልተነሡም። የእልፍነሽን አፍ ያያሉ።

«ዋን፣ ቱ፣ ስሪ።»

አሁንም አልተነሡም። ግንባራቸው ተቋጠረ፤ የእልፍነሽን ትከሻ በጤነኛ እጃቸው ነቀነቁ። እልፍነሽ ላቧ ወረደ፤ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። እኔም ከማስተርጎም ሌላ ሥልጣን አልነበረኝም፤ የሚተረጎም ደግሞ አልተባለም። ካርላ «ይበቃል፣ አንጨክንባቸው» ልትል እጇን ማንሣት ጀመረች።

«ጂሰስ!» አሉ ሚስስ ሆልት።

ድምፁ የተሰነጠቀ ነበር፤ ዜማው ግን የአሜሪካ አልነበረም። አሜሪካዊ ሲሰለቸው መጀመሪያውን ጭኖ መጨረሻውን ይጥለዋል። እሳቸው መጨረሻውን ወደ ላይ ላኩት፤ በእልፍነሽ ዜማ።

«አሜን ማማ!» አለች እልፍነሽ፣ እሳቸውም ቆሙ። አንድ እርምጃ፣ ዞር፣ ወንበሩ። ሲቀመጡ የእልፍነሽን እጅ አልለቀቁም።

ናንሲ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና፣ «ኦ ማይ ጋድ» አለች። «ኦ ማይ ጋድ። እማዬ ተናገረች።» እናቷ ከታመሙ ወዲህ ጥርት ያለ ቃል ከአፋቸው ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። እግራቸው ሥር ተንበርክካ አለቀሰች። ቀና ስትል እልፍነሽን ነው ያየችው። «እማዬ እያስቸገረቻት ትራገማለች ብዬ ነበር» አለች። «ለካ ስሙን እየጠራችላት ነበር።» ከዚያ ወደ ካርላ ዞራ፣ «ያልኩትን አንሥቻለሁ። ነገ ትግባ፤ እማዬ ሌላ ሰው እንዲያነሣት አልፈልግም» አለች።

ካርላ «የዛሬው የሥራ ሺፍት ራሱ ገና አላለቀም» ብላ የእልፍነሽን የሥራ ባጅ ከኪሷ አውጥታ መለሰችላት። እኔ ያንን ሁሉ ታሪክ አውቄ ያላሳመንኳትን ሴት፣ አንዲት ታማሚ በአንድ ትንፋሽ አሳመነቻት። ከዚያ ወዲያ ተማሪዎቼን ከመጽሐፉ በፊት ወደ ሰሚው ነበር የምወስዳቸው፤ ጡረታ እስክወጣም እንዲሁ ሠራሁ።

ኮሪደሩ ላይ ልሰናበታት ስል እልፍነሽ ክንዴን ያዘችኝ። ባጇን ደረቷ ላይ ሰክታለች፤ ፊቷ ግን የተጨነቀ ነው።

«እትዬ» አለች በሹክሹክታ፣ «የማማ ልጅ አሁን ስሙን በከንቱ ጠራች እኮ፤ ያውም ሁለቴ። በፍቅር ልንገራት እንዴ?»

«እልፍነሽ!»

«አቤት?»

«ማማ እየጠበቁሽ ነው፤ ግቢ።»